ማሽኑ የተማረው ምት

ለንደን ስገባ ጊታር ገና ንጉሥ መስሎኝ ነበር። ከቀይ ሽብር አምልጦ የወጣ ሰው ስለ ጊታር ያስባል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ አስብ ነበር። አዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ድራም እመታ ነበር። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የምሽት ክበቦቹ ጭር አሉ፤ ሆቴሉ ተወረሰ፤ ድራሙም ከነሲምባሉ የቀበሌ ንብረት ሆነ። እኔም አብሬው ተወረስኩ ማለት ይቀላል። ለኪነት ቡድን ተመድቤ ሰልፈኛ የሚረግጥበትን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ስደበድብ ከረምኩ። የባንዳችን ጊታሪስት አንድ ከሰዓት በኋላ "ለአጭር ጥያቄ" ተጠርቶ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ በሱዳን በኩል ወጣሁ። ካርቱም ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን ጉዳዬን ጨርሶልኝ እንግሊዝ አገር ስደርስ፣ ከእንግዲህ ማንም መጥቶ ዝም በል አይለኝም ብዬ ነበር።

ኬኒንግተን ውስጥ ከሁለት ያገሬ ልጆች ጋር ተዳብዬ እኖር ነበር። ሥራዬ ሆስፒታል፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። አንሶላ ይመጣል፣ አንሶላ ይሄዳል። ድራም ስላልነበረኝ ከሥራ መልስ ወፍራሙን የስልክ ማውጫ ጉልበቴ ላይ አድርጌ እመታለሁ፤ የታችኛው ቤት ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን እስኪወጋ ድረስ። "ይኸው አጃቢ አገኘህ" ይሉኛል ጓደኞቼ።

አንድ ቅዳሜ ኬንቲሽ ታውን ውስጥ፣ በአንድ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ መስኮት ላይ ድራም መቺ እንፈልጋለን የሚል ማስታወቂያ አየሁ። የተባለው ቦታ የሶፋ መሸጫ ሱቅ ምድር ቤት ነው፤ ሻጋታ ይሸታል። ሦስት እንግሊዞች ነበሩ። ዘፋኙ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የተወ ልጅ ነው። ጊታሪስቱ ፖስተኛ ነው፤ ጠዋት ደብዳቤ ያድላል፣ ከሰዓት በኋላ ጊታሩን ያስጮኻል። ቤዝ ጊታር የሚመታው ግንበኛ ነበር፤ ከሰላምታ ሌላ ብዙ አያወራም። አንድ ዘፈን አብሬያቸው መታሁ። ፖስተኛው ጊታሩን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ።

"ሮክ እንደዚህ መምታት የት ተማርክ?"

"አዲስ አበባ።"

"እዚያ ሮክ አለ?"

"ነበረ። አስመራ ከነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች እጅ የሚወጣ ሸክላ እየሰማን ነው የተማርነው። በኋላ አቁሙ ተባልን።"

"ማን ነው አቁሙ ያላችሁ?"

"መንግሥት ነዋ።"

ሳቀ። "እዚህ መንግሥት አይነካህም" አለኝ። እውነቱን ነበር። መንግሥት አልነካኝም።

ያ ጊዜ ጥሩ ጊዜ ነበር፤ መራራ ሰው ሆኛለሁ ብዬ ይህንን አልክድም። ከሶፋ ቤቱ ራቅ ብሎ ባለ አንድ መጠጥ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወት ነበር። ከሼፈርድስ ቡሽ ገበያ አሮጌ ድራም ገዛሁ። ትልቁን ከበሮ አቅፌ ባቡር ውስጥ ስገባ ሰው ሁሉ እግሩን ይሰበስብልኛል፤ አንዲት ባልቴት አንድ ቀን "ልጄ፣ ለምን ዋሽንት አትማርም?" ብላኛለች። መጠጥ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። ግድግዳው ያልባል፣ ብርጭቆ ከጠረጴዛ እየተንቀጠቀጠ ይወድቃል። ፖስተኛው ጊታሩን ሲለቀው ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይከፈት ነበር። እዚያ የስደተኛ ወረቀቴን የሚጠይቀኝ አልነበረም። ድራመሩ ነኝ፤ አለቀ።

እሑድ እሑድ ፖስተኛው ማድ ቤት እንሰበሰባለን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሬዲዮው በብዛት የተሸጡትን የሳምንቱን አርባ ዘፈኖች ከታች ወደ ላይ እየጠራ ያሰማል። አገሩ ሁሉ በዚያ ሰዓት ሬዲዮ ላይ ነው፤ ማን ወጣ፣ ማን ወረደ፣ እንደ እግር ኳስ ውጤት ይጠበቃል። ዘፋኙ ጭኑ ላይ እየቆጠረ ያዳምጣል፤ አንድ ቀን የኛ ስም እዚያ ውስጥ ሲጠራ በዓይነ ሕሊናው ያያል። መጀመሪያ ላይ ከአርባዎቹ ብዙዎቹ ውስጥ ጊታር ነበረ፤ ከላይ ከተቀመጡት ሳይቀር። እያደር ጊታሩ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ። በምትኩ ኤሌክትሪክ የነካው የሚመስል የኦርጋን ድምፅ መጣ። ከበሮውም እንደ ሰዓት ቲክ ታክ የሚል፣ የማይደክም፣ የማይቸኩል ሆነ።

"ይህን ከበሮ ማን ነው የሚመታው?" አልኩ አንድ እሑድ።

"ማንም" አለ ዘፋኙ። "ማሽን ነው።"

እኔ ሳቅኩ። ከበሮ ያለ ሰው! ፖስተኛው ግን አልሳቀም። ሻዩን ሳይጠጣ አቀዘቀዘው።

በዓመቱ ከአርባዎቹ ውስጥ የኛ ዓይነት ሙዚቃ መስማት በገጠር መንገድ መኪና እንደ መጠበቅ ሆነ። መጠጥ ቤታችንም ቀስ በቀስ ሳሳ። ወጣቶቹ ፀጉራቸውን ቀብተው፣ ትከሻው የሰፋ ኮት ለብሰው ዲስኮ ወዳለበት ይሄዳሉ። በመጨረሻ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ጠራን። ክፉ ሰው አልነበረም። "ሰው መደነስ ነው የሚፈልገው" አለን። "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቅዳሜ ሸክላ የሚያጫውት ሰው አመጣለሁ። እናንተ ሰኞ ልትጫወቱ ትችላላችሁ።" ሰኞ መጠጥ ቤት የሚመጣው ቤቱ የጠላው ሰው ብቻ ነው። ለሦስት ሽማግሌና ለአንድ ውሻ መጫወት ጀመርን። አዲስ አበባ ሳለን ያስቆመን ጠመንጃ የያዘ ሰው ነበር፤ ማንን እንደምረግም አውቅ ነበር። እዚህ ማንን ልርገም? ሰው ሰለቸው፤ በቃ። ጠላት የሌለው ሽንፈት እንዴት እንደሚያንገበግብ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ዘፋኙ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከአንድ ሸክላ አሳታሚ ሰው ጋር ተዋወቀ። ሰውዬው አንድ ሰኞ መጥቶ አየን፤ ኮቱን እንኳ አላወለቀም። ከዚያ ዘፋኙን ብቻ ውጪ አስወጥቶ አነጋገረው። በማግስቱ ዘፋኙ ወደ ምድር ቤቱ ሲመጣ የጫማ ሣጥን የሚያህል፣ ቁልፍ በቁልፍ የሆነ ዕቃ ይዞ ነበር።

"ድምፄንና መልኬን ወደውታል" አለን፤ እያፈረ ነው፣ ግን ዓይኑ ያበራል። "ጊታር ግን ሬዲዮ አያጫውተውም አለኝ። ለጊዜው ድምፁን መለወጥ አለብን።"

ፖስተኛው ዕቃውን ትኩር ብሎ አየው። "መለወጥ ማለት እኔን ማውጣት ማለት ነው?"

"ለጊዜው ነው የምልህ።"

"ለጊዜው" አለ ፖስተኛው። ጊታሩን በሣጥኑ ውስጥ አስተኛው፤ ሕፃን የሚያስተኛ ሰው ይመስል ነበር። ደረጃውን ወጣ። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ምድር ቤት አልተመለሰም። ግንበኛው እያጉረመረመ ተከተለው።

እኔ ቀረሁ። ዘፋኙ አጠገቤ ቁጭ አለ። "አንተን እፈልግሃለሁ" አለኝ። "አንዳንዴ ስትጫወት የምታመጣው፣ የሚያነክስ ዓይነት የአገራችሁ ምት አለ አይደል? እሱን ለማሽኑ ልናስተምረው እንችላለን?"

ችክችካውን ማለቱ ነው። አገር ቤት ሰርግ ላይ ትከሻ የሚያስነሳው ምት። ልምምድ ላይ ሲሰለቸኝ ሮኩ መሃል አስገብቼ አሾፍባቸው ነበር። ዘፋኙ እንደያዘብኝ አላወቅሁም።

"የማን ምት ነው? ያንተ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የማንም አይደለም" አልኩት። "ያገሩ ሁሉ ነው።"

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ስንሠራ ዋልን። ማሽኑ በአራት መቁጠር ያውቃል፤ የኛን በሦስት የሚከፋፈል ምት እሺ አላለም። እኔ እመታለሁ፣ ዘፋኙ ቁልፍ ይጫናል፣ ይበላሻል፣ እንደገና። በመጨረሻ ገባው። ግን እንደ ወታደር ሰልፍ ደረቅ ሆነ። "የሆነ ነገር ጎደለው" አለ ዘፋኙ። የጎደለው ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። ግራ እጄ ልጅ ሆኜ ተሰብሮ የዳነ ነው፤ ከቀኜ ጥቂት ይዘገያል። የሆቴሉ ባንድ መሪ ስንት ጊዜ ተቆጥቶኝ፣ በኋላ እሱው ራሱ "ተወው፣ ይጣፍጣል" ብሎ የተወልኝ ነው። ይህንንም ነገርኩት። ዘፋኙ ቁልፍ ሲነካካ ቆይቶ የግራውን ምት በጣም ጥቂት አዘገየው። ማሽኑ ልክ እንደ እኔ አነከሰ። ተቃቀፍን። ቤቴ ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለማሽን አማርኛ ያስተማርኩ መስሎኝ።

"እንጠራሃለን" ብሎኝ ነበር። ክረምት አለፈ፣ በጋ መጣ፤ የጠራኝ የለም።

እሑድ ተራዬ ሆኖ ሥራ ገብቼ አንሶላ ሳጥፍ ነው የሰማሁት። ማዶ ሆና የምታጥፈው የሥራ ጓደኛዬ የጃማይካ ሴት ናት፤ ሬዲዮኑ የሷ ነው። አርባዎቹ እየተጠሩ ነበር። ከመሃል ላይ አንድ ዘፈን ሲጀምር አንሶላው ከእጄ ወደቀ። ድምፁ የዘፋኙ ነው። ከሥሩ ግን የሚያነክሰው ግራ እጄ። እኔ እዚህ ቆሜ እጄ እዚያ ይመታል። ሴትዮዋ ወገቧን እያወዛወዘች፣

"ይህኛውስ ደም አለው!" አለች።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

"ምኑ ነህ?"

"ከበሮው። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።"

ከት ብላ ሳቀች። "እኔ ደግሞ የእንግሊዝ ንግሥት ነኝ" አለች። "አንሶላውን አንሳ፣ ይቆሽሻል።"

በሳምንቱ ዘፋኙን ፈልጌ አገኘሁት። አዲስ ፀጉር ተሠርቷል። ቡና ቤት ወስዶ አስቀመጠኝ፤ አስተናጋጇ ስታውቀው ደስ አለው። ገንዘብ አልጠየቅሁትም። ሸክላው ላይ ስሜ የት አለ ብቻ ነው ያልኩት።

"ራስህ አይደለህም እንዴ የማንም አይደለም ያልከኝ?" አለኝ። አልተቆጣም፤ በእርጋታ ነው የሚያወራው። "ያገሩ ሁሉ ነው አልክ። አገር እንዴት ሸክላ ላይ ይጻፋል?"

"ምቱ ያገሩ ነው። መዘግየቱ ግን የኔ ነው።"

"መዘግየት የሰው ንብረት ሊሆን ይችላል?"

እንግሊዝኛዬ ለሥራና ለገበያ ይበቃል፤ ለዚህ ጥያቄ አልበቃም። በአማርኛ ቢሆን ምን እንደምመልስለት ዛሬም ድረስ አውቀዋለሁ። ተነሥቼ ሄድኩ።

ቀጥሎ አገራችን በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየችበት ዓመት መጣ። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያን የሰው አጥንት ያየ ሁሉ አልቅሷል። አገሬ የት እንደሆነች ያልጠየቁኝ ሰዎች መተላለፊያ ላይ አስቁመው "ቤተሰቦችህ በልተዋል?" ይሉኝ ጀመር። የጃማይካዋ ጓደኛዬ ምሳዋን ከፍላ ትሰጠኛለች። ሙዚቀኛው ሁሉ ለረሃብተኛ ይዘፍናል፤ ከአርባዎቹ የወጡ አሮጌ ጊታሪስቶች እንኳ ለጽድቅ ተብሎ ለጥቂት ሳምንት ተመለሱ። ጊታር ሰው እንዲያደምጠው አገሬ መራብ ነበረባት ብዬ አስቤያለሁ። እንዲህ ማሰብ ኃጢአት ይሁን አይሁን አላውቅም።

በዚያ ሰሞን ዘፋኙ ስልክ ደወለ። በምዕራብ ለንደን በአንድ አዳራሽ ለኢትዮጵያ ርዳታ የሙዚቃ ዝግጅት ተሰናድቷል። "አንተ መድረኩ ላይ ብትኖር ትርጉም ይኖረዋል" አለኝ። "ድራም ይዘጋጅልሃል።"

የቤት ጓደኞቼ "እንዳትሄድ" አሉኝ። ግን ለአገር ነው የተባለ ነገር እንዴት እንቢ ይባላል? ደግሞ ልደብቅ አልችልም፤ መምታት አምሮኝ ነበር። በእጄ ቆዳ ከነካሁ ቆይቻለሁ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ድራሙ የሚያምር፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ስቀመጥ ግን አንድም ማይክሮፎን አጠገቡ አላየሁም። የድምፅ ሠራተኛውን ጠራሁት።

"አትጨነቅ" አለኝ፤ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። "ድምፁ ከማሽኑ ይመጣል። አንተ ደስ እንዳለህ ምታ።"

ዘፋኙን አየሁት። ወደ ሕዝቡ ዞሯል። "ዛሬ ከኢትዮጵያ የመጣ ወንድማችን ከኛ ጋር አለ!" ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ዘፈኑ ተጀመረ። መታሁ። ከማሽኑ የሚወጣው የኔ ምት ግዙፍ ሆኖ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል፤ እኔ የምመታው ለራሴ ጆሮ እንኳ አልደረሰም። ግራዬ ስትዘገይ፣ እሱም እዚያው ቦታ ላይ ይዘገያል። በሁለተኛው አዝማች ላይ አቆምኩ። ዱላዎቹን ጉልበቴ ላይ አኑሬ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ያስተውላል ብዬ ጠበቅሁ። ዘፈኑ ቀጠለ። ሰዉ ይዘላል፣ እጁን ያወዛውዛል፤ ዘፋኙ ዞር ብሎም አላየኝ። እስኪያልቅ ድረስ እንደዚያ ተቀመጥኩ።

ስወጣ አንዲት ደግ የምትመስል ሴት በር ላይ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "እንዴት አድርገህ ነው የምትመታው!" አለችኝ። "በደማችሁ ውስጥ ነው አይደል?"

"አመሰግናለሁ" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ዘፋኙም አልዘለቀም። ያ ዘፈን ጥቂት ሳምንት አርባዎቹ ውስጥ ቆይቶ ወጣ፤ የሚቀጥለው ጭራሽ አልገባም። አሳታሚው ሌላ መልከ መልካም ልጅ አገኘ። መውደቁን ስሰማ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ፖስተኛውን ከጥቂት ዓመት በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ቦርሳውን ተሸክሞ ደብዳቤ ያድላል። ጊታርህስ አልኩት። "ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሚስቴ አቧራውን ታራግፍለታለች" አለኝና ወደሚቀጥለው በር አለፈ።

እኔስ? ወገኔ አለልኝ ብዬ ነበር። ያኔ ለንደን ውስጥ ያበሻ ሰርግ እየበዛ መጥቷል። አንድ የሙሽራ አባት፣ የማውቀው ሰው፣ ኬኒንግተን አጠገብ ባለ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ድራም እንድመታለት ለመነኝ። ከባልንጀራ መኪና ተውሼ ዕቃዬን አመጣሁ። ገና ሲምባሉን ሳላቆም አንድ ከሮም የመጣ ሙዚቀኛ ኦርጋኑን ይዞ ገባ። ዙሪያዬን አይቶ በትሕትና ጎንበስ አለ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ድራሙ እዚህ ውስጥ አለ" አለኝ፤ ኦርጋኑን በጣቱ ነካ እያደረገ። "ሁለት ከሆነ ይጋጭብኛል።"

ጋሼ ብሎኛል። እርጅናዬንም አብሮ ነገረኝ። የሙሽራይቱ አባት እየተሽቆጠቆጠ መጣ። "ወንድሜ፣ አንተ ዛሬ እንግዳ ሁን። ብላ፣ ጠጣ" አለኝ። በላሁ፤ ጠጣሁ። ልጁ አንዲት ቁልፍ ተጫነ፤ ችክችካው ከኦርጋኑ ወጣ። ይህኛው አያነክስም፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሰዉ ግን ትከሻውን ነቅንቆ ሞተ። ያጣሁት ለንደንን ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። የራሴ ሰርግ ቤት፣ የራሴ ሕዝብ፣ የራሴ ምት፤ እዚያም አላስፈለግሁም።

አጠገቤ የተቀመጡት የአስመራ ሴት፣ አማርኛ በተማሪ ቤት የተማሩ አሮጊት፣ ሳህናቸውን ወደ ጎን አደረጉ። "ልጄ፣ ምነው አትጨፍርም?"

"እግሬን አሞኝ ነው፣ እማማ። እርስዎ ይጨፍሩ።"

"ለኔ ይጮህብኛል" አሉ። "ሰው የሌለበት ጩኸት ነው።" ከዚያ ልጃቸው መጥታ አስነሣቻቸው፤ እሳቸውም ሄደው ጨፈሩ።

ድራሙን ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጠሁ። ደርግ በወደቀ ዓመት፣ የሆቴሉ ባንድ ሳክስፎን ነፊ የነበረው ጓደኛዬ በሕይወት እንዳለ ሰምቼ ስልክ ደወልኩለት። መስመሩ ይቆራረጣል። ሁለታችንም መጀመሪያ አለቀስን። ሰዓት እላፊው ሊነሣ ነው፣ የምሽት ክበቦቹ ሊከፈቱ ነው አለኝ።

"ታዲያ ባንዱን እንደገና ታቋቁማለህ?" አልኩት።

"የምን ባንድ ወንድሜ? አሁን አንድ ሰው ባንድ ኦርጋን ቤቱን ሁሉ ያስጨፍራል። ሳክስፎኔን ሸጬዋለሁ። ያንተ ይሻላል። እዚያ ሮክ አለ አይደል?"

"አለ" አልኩት።

"ትመታለህ?"

"አዎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ።"

"ጎሽ!" አለ። ድምፁ ሲደሰት ይሰማኛል። ወሬውን ወደ ልጆቹ አዞርኩት፤ ስንት እንደወለደ፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚማሩ። መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ስለ ልጆቹ ብቻ አወራን።